ዕቃ ከዕቃ እንዲገጥም፦ ከናይሮቢ የባቡር ሐዲድ እስከ ናይሮቢ የኮምፒዩተር ገበያ

ናይሮቢ በባቡር ሐዲድ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ መሆኗን የታሪክ መምህራን ያውቃሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1896 ከሞምባሳ የተጀመረው መስመር ሜይ 30 ቀን 1899 ማሳዮች «ቀዝቃዛ ውሃ» ብለው ከሚጠሩት ረግረጋማ ሜዳ ደረሰ። ከዚያ በላይ ያለው መሬት ወደ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ የሚያወጣ ዳገት በመሆኑ፣ መሐንዲሶቹ የዕቃ ማከማቻቸውንና የጥገና ሥፍራቸውን እዚያው ሜዳ ላይ አደረጉ። ስለዚህም ከተማይቱ በመጋዘንና በመለዋወጫ ክምር መካከል አደገች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኛ ግን ልናነሣ ያሰብነው የከተማይቱን አቆራቆር ሳይሆን አንድ ቁጥር ነው። ይኸውም 1000 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የነበረው ስፋት ነው። ይህ ስፋት የተመረጠበት ዋና ምክንያት በሕንድ አገር በዚሁ ልክ የተሠሩ ብዙ መስመሮች ስለነበሩ ነው። ያገለገሉ ሎኮሞቲቮች ከሕንድ ተጫኑ፤ ፉርጎዎች መጡ፤ ወደ 32 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችም የሚያውቁትን ሥራ ይዘው ባሕሩን ተሻገሩ። ሕንድ ላይ ሲሠራ የነበረ ሎኮሞቲቭ ሞምባሳ ወርዶ ሐዲዱ ላይ ሲቀመጥ ገጠመ። ስፋቱ በአሥር ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢለይ ኖሮ ያ ሁሉ ብረት ከወደቡ ባልተነቃነቀም ነበር።

ጀርመኖችም በ1893 ከታንጋ ተነሥተው የጀመሩትን የኡሳምባራ መስመር ያደረጉት በአንድ ሜትር ስፋት ነው። ከዚህም የተነሣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ከቮይ ተነሥተው የጦር መስመር ዘርግተው ካሄ ላይ ከጀርመኖቹ ሐዲድ ጋር ሲያገናኙት፣ ጠላት የሠራው ሐዲድ የራሳቸውን ባቡር ያለ ችግር ተሸከመ። ወደ አገራችን ስንመለስ የተለየ ነገር እናያለን። በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ጣሊያኖች ከምጽዋ አስመራ ያወጡት መስመር ግን ስፋቱ 95 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ቀን ሁለቱን ላገናኝ ያለ ሰው ቢነሣ ኖሮ ከተራራው ይልቅ አምስት ሳንቲ ሜትር ባስቸገረው ነበር። ዛምቢያንና ታንዛኒያን የሚያገናኘው የታዛራ መስመርም በ1975 ሲጠናቀቅ ስፋቱ 1067 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከአሮጌው የታንዛኒያ ሐዲድ ጋር ሊገጥም አልቻለም፤ በ1998 ኪዳቱ ላይ ጭነት ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው የሚገለበጥበት ጣቢያ ማቋቋም አስፈለገ።

የስፋት መመሳሰልም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በኦክቶበር 2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ መስመርና በሜይ 31 ቀን 2017 የተከፈተው የሞምባሳ–ናይሮቢ አዲሱ መስመር ሁለቱም 1435 ሚሊ ሜትር ናቸው። ይሁንና የእኛው ባቡር ከበላዩ ከተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚስብ ሲሆን የኬንያው በናፍጣ የሚሄድ ነው። የእኛን ሎኮሞቲቭ ናይሮቢ ሐዲድ ላይ ብናስቀምጠው መንኮራኩሩ ይገጥማል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ኃይል ቢያገኝ እንኳ የምልክቱን አሠራር የማያውቅ ባቡር መንገድ አይሰጠውም። እንግዲህ አንድ ዕቃ ከሌላው ጋር ይስማማል ለማለት ቅርጹ፣ ኃይሉና የሚግባባበት ቋንቋ ሦስቱም መስማማት አለባቸው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣነው ለምክንያት ነው። ዛሬ በናይሮቢ ሉቱሊ ጎዳና ወይም ሞይ ጎዳና ቆሞ «ለትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር የትኛውን ዕቃ ከየትኛው ጋር ልግዛ?» የሚል መምህር ከ1896ቱ መሐንዲስ ጋር ያው አንድ ጥያቄ ነው የያዘው። የኮምፒዩተር ዕቃ የሚገጥመው ወይም የማይገጥመውም በአጋጣሚ ሳይሆን ሰዎች በተስማሙበት ወይም ባልተስማሙበት ታሪክ ምክንያት ነው።

ከ1964 በፊት ኮምፒዩተር የገዛ መሥሪያ ቤት የዚያው ኩባንያ እስረኛ ነበር ለማለት ይቻላል። ትልቅ መኪና ሲያስፈልገው በትንሹ ላይ ያጻፋቸውን ፕሮግራሞች እንደገና ማጻፍ ነበረበት። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ሲስተም 360 ብሎ ያስተዋወቃቸው ስድስት ዐይነት ኮምፒዩተሮች ትንሹም ትልቁም አንድ ፕሮግራም የሚቀበሉ ስለነበሩ ትልቅ ለውጥ ሆነ። ይሁን እንጂ ስምምነቱ በአንድ ኩባንያ ቤት ውስጥ የተወሰነ ነበር። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ኢንስቲትዩት በተቋቋመበት በ1977ም ትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች መለዋወጫቸው የሚገኘው ከሠሪያቸው ዘንድ ነበር።

መንገዱን የከፈተው፣ ሳያስበው ነው ማለት ይቻላል፣ ያው አይ.ቢ.ኤም. ነው። ኦገስት 12 ቀን 1981 ለገበያ ያቀረበውን ትንሽ ኮምፒዩተር በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ለማድረስ ሲል ዕቃዎቹን ከሌሎች ገዛ፤ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ዋናውን ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ወሰደ። ካርዶች የሚሰኩበትን አሠራርም በመጽሐፍ አሳትሞ ለሕዝብ ሰጠ። የራሱ ብሎ የያዘው ባዮስ የተባለችውን፣ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ዕቃዎቹን የምታስተዋውቀውን ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ኮምፓክ የተባለ አዲስ ኩባንያ ይህችን ፕሮግራም ሳይገለብጥ እንደገና ሠራት። አንድ ወገን የመጀመሪያዋን አንብቦ ምን እንደምትሠራ ብቻ ጻፈ፤ የመጀመሪያዋን አይቶ የማያውቅ ሌላ ወገን ደግሞ ከጽሑፉ ተነሥቶ አዲስ ሠራ። ኮምፓክ በኖቬምበር 1982 ኮምፒዩተሩን አስተዋወቀ። በ1984 ደግሞ ፊኒክስ የተባለው ኩባንያ በዚሁ መንገድ የሠራውን ባዮስ ለሚፈልግ ሁሉ ይሸጥ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተር መገጣጠም የአንድ ኩባንያ ሥራ መሆኑ ቀረ።

አይ.ቢ.ኤም. በ1987 በሩን መልሶ ለመዝጋት ሞክሮ ነበር። ፒ.ኤስ./2 ብሎ ባወጣው ኮምፒዩተር የካርዱን መሰኪያ ለወጠውና በክፍያ ካልሆነ ማንም እንዳይሠራበት አደረገ። በ1988 ዘጠኝ ኩባንያዎች ተባብረው የድሮውን ካርድም አዲሱንም የሚቀበል የራሳቸውን መሰኪያ አወጡ። ገበያውም ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር አልሄደም። በእኛ አስተያየት ይህ ታሪክ በታሪክ ክፍለ ጊዜም ቢነገር የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም የጋራ ልክ አንድ ጊዜ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ሊመልሰው እንደማይችል ያሳያል።

በናይሮቢም ከዚሁ ዘመን አንድ ተቃራኒ ምሳሌ እናገኛለን። በ1986 ፕሬዚዳንት ሞይ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አገር በቀል መኪና እንዲሠራ ጠየቁ። የምድር ባቡር ጥገና ሥፍራውም በሥራው ተሳተፈበት። አምስት የናሙና መኪናዎች ተሠሩ፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትርም ሮጡ። ሆኖም ሥራው ወደ ፋብሪካ ደረጃ ሳይደርስ በገንዘብ እጥረት ቆመ። የሠሩትን ሰዎች ዕውቀትና ድፍረት አንነቅፍም። ነገር ግን ብዙውን ዕቃ ከብረቱ ማቅለጥ ጀምሮ ራስ ለመሥራት መነሣት አንድ ነገር ነው፤ ዓለም በተስማማበት ልክ የተሠራ ዕቃ እየመረጡ ማገጣጠም ደግሞ ሌላ ነው። ሁለተኛው ለአንድ ጠረጴዛና ለአንድ ዊንች ባለቤት እንኳ የሚቻል ሥራ ነው።

ይህን የሚያውቁት የናይሮቢ ፉንዲዎች ናቸው። ፉንዲ በስዋሂሊ ባለሙያ፣ ጠጋኝ ማለት ነው። ከካሙኩንጂ ብረት ቀጥቃጭ ጀምሮ የቴሌቪዥን ጠጋኙም ፉንዲ ይባላል፤ በፀሐይ ሥር የሚሠራው ጠቅላላው የእጅ ሙያ ደግሞ «ጁዋ ካሊ»፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ይሉታል። የእኛን ምን ዐለሽ ተራ ለሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በደቡብ አፍሪካዊው የሰላም ኖቤል ተሸላሚ በአልበርት ሉቱሊ ስም የተሰየመው ጎዳና የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የልዩ ልዩ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መናኸሪያ ነው። በከተማይቱ መሃል ባሉት ሕንጻዎች ውስጥም አዲስም አሮጌም የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ሞልተዋል። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተሰብስበው የሚመጡትን ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ነጋዴዎቹ «ኤክስ ዩኬ» ይሏቸዋል፤ ከእንግሊዝ የመጡ ለማለት ነው፤ ሁሉም ከዚያ ይምጡ አይምጡ ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ገዢው ሦስቱን ጥያቄዎች ይዞ ይግባ። ቅርጽን በተመለከተ የዛሬው ገዢ በ1995 ኢንቴል ባወጣው ኤ.ቲ.ኤክስ. በተባለው ልክ እጅግ ተጠቅሟል። ሙሉው ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ ማይክሮ የሚባለው ደግሞ 244 በ244 ነው፤ የብሎኖቹ ቀዳዳዎችም በልክ የተወሰኑ ናቸው። ትንሹ ሰሌዳ በትልቁ ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ ትልቁ በትንሹ አይገባም። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጡት ሁለት መሰኪያዎች ቦታቸውን ተለዋውጠው ሊሰኩ ይችሉ ስለነበር፣ ጥቁሮቹ ገመዶች መሃል ላይ ጎን ለጎን ካልዋሉ ማዘርቦርዱ ይቃጠል ነበር። በአዲሱ አሠራር መሰኪያው አንድ ሆነ፤ በተሳሳተ አቅጣጫም አልገባም አለ።

በራም ላይ ቅርጹ ራሱ ዘበኛ ሆኖ ተሠርቷል። ዲ.ዲ.አር. 3 የተባለው 240፣ ዲ.ዲ.አር. 4 እና ዲ.ዲ.አር. 5 ደግሞ 288 መገናኛዎች አሏቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በቁጥር ቢመሳሰሉም ከታች ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ስለተለወጠ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም። ይህም የሆነበት ምክንያት አለው፤ የመጀመሪያው 1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው 1.2፣ ሦስተኛው 1.1 ቮልት የሚፈልጉ ናቸውና። ተማሪዎች «ትንሽ ብጫነው ይገባል» የሚሉትን ልማድ መምህሩ እዚህ ላይ ማስጣል አለበት። ያቺ ቁርጥ የ95ና የ100 ሳንቲ ሜትሩን ሐዲድ ሥራ ትሠራለች፤ የማይገባውን እንዳይገባ ታግዳለች።

ኃይልን በተመለከተ ስሌቱ የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት፣ ግራፊክስ ካርዱ 120 ዋት፣ የቀረው ሁሉ ተደምሮ 60 ዋት ቢሆን ድምሩ 245 ዋት ነው። ፓወር ሰፕላይ ሁልጊዜ በአፍ ጢሙ እየተጫነ እንዳይሠራ ከ400 እስከ 450 ዋት ያለውን መግዛት ይበጃል። ግን ድምሩ ብቻ አይደለም። ካርዱ የሚሰካበት መሰኪያ የሚሰጠው 75 ዋት ነው። ባለ 120 ዋቱ ካርድ የቀረውን የሚያገኘው ባለ ስድስት ፒን ገመድ በተለየ መንገድ ሲመጣለት ነው፤ ይህም ሌላ 75 ዋት ይጨምራል። ኤክስ ዩኬ የሚባሉት የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች ግን ይህ ገመድ ብዙውን ጊዜ የላቸውም።

ትምህርት ቤቶችን ይበልጥ የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። ከእነዚህ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች አንዳንዶቹ ከውጭ ሲታዩ እንደ ማንኛውም ሲሆኑ ከውስጥ ግን የሠሪያቸውን የተለየ ልክ የያዙ ናቸው። የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ለምሳሌ ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው መሰኪያ ባለ 8 ፒን ነው፤ ገበያ ላይ የሞላው ግን ባለ 24 ነው። ፓወር ሰፕላዩ የተቃጠለበት ትምህርት ቤት በርካሹ ሌላ ገዝቶ ሲመለስ አይገጥምለትም። ማገናኛ ገመድ አለ፤ ግን መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ባለማወቅ ግን ጤነኛ ማዘርቦርድ፣ ጤነኛ ራምና ጤነኛ ዲስክ ያለው ኮምፒዩተር ተበላሽቷል ተብሎ መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ተማሪ አንድ ኪቦርድ መጋራት ይጀምራል።

ስለዚህ እንደ እኛ አስተያየት ያገለገለ ለሚገዛ ትምህርት ቤት ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ያ የ1896ቱ ነው፤ ሁሉንም ከአንድ ዐይነት መግዛት። ሃያ ኮምፒዩተሮች አንድ ሞዴል ከሆኑ፣ ሁለቱ ቢሞቱ የአንዱ ፓወር ሰፕላይ፣ የሌላው ራም ለቀሩት ዐሥራ ስምንት መለዋወጫ ይሆናል። ሃያው ከስምንት ዐይነት የተለቃቀሙ ከሆኑ ግን የሞተው ለሌላው አይተርፍም። እርዳታ የሚሰጡ ሰዎችም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። በናይሮቢ በ2002 የተቋቋመው «ኮምፒዩተርስ ፎር ስኩልስ ኬንያ» የተባለው ድርጅት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን እየሰበሰበና እያደሰ ለትምህርት ቤቶች ሲያድል የኖረ ነው፤ መሰብሰቡ ብቻውን እንደማይበቃና መካከል ላይ ማደስ የሚባል ሥራ እንዳለ ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛው፣ ቋንቋው፣ በዐይን የማይታይ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚሞኘው በዚህ ነው። ኢንቴል በ2015 ያወጣው 6ኛው ትውልድ ፕሮሰሰርና በ2017 ያወጣው 8ኛው ትውልድ ሁለቱም 1151 መገናኛ ነጥቦች ያሉት ሶኬት ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ስሙ አንድ ነው፤ ቅርጹም ይገጥማል። ሆኖም አዲሱ በአሮጌው ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም። ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው ተፎካካሪው በበኩሉ በ2016 ያወጣውን ኤ.ኤም. 4 ሶኬት ለብዙ ዓመታት አቆየው፤ ይህም ለድሃ ገዢ ትልቅ ውለታ ነው። ይሁንና በ2018 የወጣ ቢ450 ማዘርቦርድ በ2020 የወጣውን ራይዘን 5000 እንዲያውቅ ባዮሱ መታደስ አለበት። ለማደስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ በሚያውቀው አሮጌ ፕሮሰሰር መነሣት አለበት። አሮጌ ፕሮሰሰር አጠገቡ ያለው ፉንዲ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ የሌለው ግን «ዕቃው ተበላሽቷል» ብሎ ከሻጩ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የማዘርቦርዱን ሞዴል ቁጥር ጽፎ፣ ሠሪው ካወጣው የፕሮሰሰር ዝርዝር ጋር ማስተያየት ግዴታ ነው። ሻጭ «ይሠራል» ማለቱ ዝርዝሩን አይተካም።

የቋንቋ አለመግባባት ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። አንዱ መምህር በአንድ ዐይነት የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የጻፈው ፈተና በሌላው ኮምፒዩተር ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታይ የነበረው ኪቦርዱም ስክሪኑም ስለጠፋ አልነበረም። እያንዳንዱ ሠሪ ለ«ሀ» የየራሱን ቁጥር ስለሰጠ ነው። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል አንድ የታወቀ ቁጥር ከሰጠ በኋላ፣ ቀስ እያለም ቢሆን፣ ነገሩ ረገበ።

ለናይሮቢ ገዢ፣ በተለይም ኢስሊ ከሚባለው ሠፈር ጀምሮ በከተማይቱ ለሚኖሩ ወገኖቻችን፣ አንድ ነገር ቀረ። በኬንያ የግድግዳው ኤሌክትሪክ 240 ቮልት፣ በአገራችን 220 ቮልት ሲሆን ሁለቱም 50 ኸርዝ ናቸው፤ ስለዚህ ናይሮቢ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር በሞያሌ ዞሮ አዲስ አበባ ቢገባ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል። መጠንቀቅ የሚገባው ከአሜሪካ በመጣ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ነው። ከኋላው 115 ወይም 230 የምትል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለችው፣ በ115 ላይ እንዳለች ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ከመሰካት በፊት ወደ 230 መመለስ ነው። የኬንያ ሶኬት ከእንግሊዝ የተወረሰው ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ነው፤ የእኛው ባለ ሁለት ክብ እግር ነው። በኮምፒዩተሩ ጀርባ ያለው የገመዱ ጫፍ ግን በናይሮቢም በአዲስ አበባም አንድ ነው። ገመዱን ብቻ አዲስ አበባ ደርሶ መለወጥ ይበቃል።